የወሽመላው ሽሮፕና የፒሩ ውሃ

ኖቬምበር 6
ሱዡ ከተማ ቀኑን ሙሉ ካፊያ ነበር። ክሊኒኩ በሳል ተሞልቶ ዋለ። ለጥናታችን ለግማሾቹ የወሽመላ ቅጠል ሽሮፕ ሰጠን፣ ለሌሎቹ ደግሞ እሱን የሚመስል፣ መድኃኒት የሌለበት ሽሮፕ። ጠርሙሱ አንድ፣ መልኩ አንድ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ በሽተኞቹም አያውቁ። ደክሞኛል። ሾርባ ጠጥቼ ልተኛ።

ኖቬምበር 19
የጠርሙሶቹ ምስጢር ቁጥሮች ተፈቱ፤ ማን የትኛውን እንደጠጣ ታወቀ። ሁለቱም ወገን እኩል ድኗል! ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር ያን ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጠርሙሶቹን ያደባለቅሽው አንቺ ነሽ አለኝ። አላደባለቅሁም። ማስረጃ አለህ ወይ ስለው፣ ውጤቱ ራሱ ማስረጃ ነው አለ። ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ጥፋተኛ ከተባልኩ ትምህርቴ እዚሁ ያበቃል።

ኖቬምበር 21
ከተረፉት የአስመሳይ ሽሮፕ ጠርሙሶች አንዱን ከፍቼ ቀመስኩ። ፒር የሚባለው ፍሬ... በስኳር የተቀቀለ ፒር። በዚህ ከተማ ልጅ ሲያስል ይኸን የማይጥድ ቤት አለ? መድኃኒት የለበትም ያልነው መድኃኒት ነበረበት!

ኖቬምበር 22
ሽሮፑን የሚያፈላው አጎት ፑ ነው፤ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሽማግሌ። ፒር ጨምረሃል ወይ አልኩት። ምንም አላፈረም።
«ታዲያ ልጄ፣ ለሚያስል ሰው ባዶ ውሃ ይሰጣል?»
ማን ፈቀደልህ? አልኩት። ፕሮፌሰሩ ቀምሶ «ጣዕሙ ልክ ነው» ብሎኛል አለ። አላመንኩም። ከዚያ ሽማግሌው የሚዋሽበት ምክንያት አጣሁ፤ አመንኩ።

ኖቬምበር 25
ፕሮፌሰር ያን አስጠራኝ። ሻይ ቀዳልኝ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ሽማግሌው ሳይነግረን አደረገው ብለሽ ፈርሚ፣ አንቺ ነፃ ትወጫለሽ አለ።
«መምህር፣ ቀምሰሃል?»
«ዩቺው፣ ሰውየው ጡረታ ሊወጣ ነው። ምን ይጎዳል?»
«ታዲያ ካልጎዳ፣ እኔ ነኝ ብለህ አንተ ፈርም።»
ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ። በሩን በኃይል ዘጋሁት። በቁጣ ይሁን በፍርሃት... እንጃ።

ዲሴምበር 2
ኮሚቴው። አጎት ፑ ንጹሕ ኮት ለብሶ መጣ። በሩ ላይ ጎትቶኝ፣ ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጊው፣ ምን ይሉኛል ብሎ አንሾካሾከ። ዝም በል፣ ሽማግሌ ሆነህ ለውሸት አትጣደፍ አልኩት። ሳቀ።
የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰሩን፣ ሽሮፑን ቀምሰሃል ወይ ብላ ጠየቀችው።
«ቀምሻለሁ። ግን ፒርን ማን መድኃኒት ይለዋል? ምግብ ነው።»
«እኔ ቤት አሁንም ተጥዷል» አለች ሰብሳቢዋ። «ልጄ ስለሚያስል።»
ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቀም። ትንሽ አሳዘነኝ... ትንሽ።

ዲሴምበር 9
ስሜ ጸድቷል። ጥናቱ ግን ተሰርዟል። ወሽመላው ይሠራል ለማለትም፣ አይሠራም ለማለትም ማስረጃ የለንም። ምናልባት ሁለቱም ይሠራሉ። ምናልባት ሁሉም በጊዜው በራሱ ዳነ። ፕሮፌሰሩ ሰላም አይለኝም። አዲሱን ጥናት ሌላ መምህር ትመራዋለች፤ ዕቅዱን እኔ እጽፋለሁ።
ከአጎት ፑ ጋር አስመሳዩን ሽሮፕ ከምን እንደምንሠራው ስናስብ ዋልን። የብርቱካን ልጣጭ? መድኃኒት ነው። ዝንጅብል? መድኃኒት ነው። ማር? እሱንማ ተወው። በዚህ አገር መድኃኒት ያልሆነ ነገር መፈለግ ጉድ ነው።
ማታ ስገባ አከራዬ እመት ዌይ እያሳለች በር ከፈተችልኝ። የወሽመላ ሽሮፕ ልግዛ ወይስ ይቅር አለችኝ። ገና አላውቅም አልኳት።
«ይኸን ሁሉ ዓመት ተምረሽ አላውቅም ትያለሽ?»
«አዎ፣ እመት። ከፕሮፌሰሩ ጋር የተጣላሁት አላውቅም ለማለት ነው።»