ክኒኑን ለምን እንዳልላክሁልዎ

ለምወድዎ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፦

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎስ እንዴት ነው? እግርዎን ማታ ማታ የሚያቃጥልዎ ነገር ቀለል አለልዎ ወይስ እንደዚያው ነው? ስኳርዎን በየጊዜው ይለካሉ? እማማስ እንዴት ናቸው፣ ዐይናቸው ጨርሶ ተሻላቸው? እትዬስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል፤ ናፍቆታችሁ ግን የሚለቅ ዓይነት አልሆነም።

ይህን ደብዳቤ ከጥቅሉ ጋር ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚፈልጉት ክኒኑን እንደሆነ አውቃለሁ። የለበትም፣ ጋሼ። ሰፋ ያለ ጫማና ስፌታቸው እግር የማይቆረቁር ካልሲዎች አሉበት፤ የእማማም ሹራብ አለ። ክኒኑ የቀረው ረስቼ ወይም ሰንፌ እንዳይመስልዎ። ትልቋ ልጅዎ የእግር ማቃጠል ያስታግሳል የተባለውን የዚያን ክኒን ጥናት ፎቶ በስልክ ልካ «አክስቴ፣ ትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ አባባ ይህን ካገኘ ይድናል» ካለችኝ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም። በስልክ ሲጠይቁኝ «ቆይ እስቲ» እያልኩ ሳድበሰብስብዎት የከረምኩት፣ ያው ጥናት በሥራ በኩል እጄ ስለገባና ሳያልቅ መናገር ስለማይፈቀድልኝ ነው። አሁን አልቋል። ረጅም ስለሆነ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ሥራዬን መጀመሪያ የነገርኳቸው ጊዜ እማማ «ሰው የጻፈውን ለማንበብ ደሞዝ ይከፈላል እንዴ?» ብለው ስቀውብኝ ነበር። እውነትም ሥራችን ማንበብ ነው። ሐኪሞች አንድ መድኃኒት ሞክረው ውጤቱን በመጽሔት ሲያወጡ፣ እኛ ሙከራው በቅጡ መደረጉን እናያለን። መጽሔቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ የወጣበት ሁሉ እውነት አይሆንም። እርስዎ አምሮ የተቀባ ግድግዳ በጣትዎ ጠቅ ሲያደርጉ ከሥሩ እርጥብ መሆኑን እንደሚያውቁት፣ እኛም ጠቅ የምናደርጋቸው ቦታዎች አሉን። ሰዎቹ በሁለት የተከፈሉት በዕጣ ነው ወይስ ሐኪሙ መርጦ? ግማሾቹ መድኃኒቱን ሲወስዱ ግማሾቹ ማስመሰያ ወስደዋል ወይ? ማስመሰያ ማለት መልኩም መጠኑም እንደ መድኃኒቱ ሆኖ ውስጡ ምንም የሌለበት ክኒን ነው። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ሐኪሙም በሽተኛውም እንዳያውቁ ይደረጋል፤ አለዚያ መድኃኒቱ ያሻለውን ሰው፣ መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ስላመነ ብቻ ከተሻለው ሰው መለየት አይቻልም። ደግሞ ጀምረው ያቋረጡት የት ገቡ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው ጉድ ያፈላው።

አንዱን ጥናት ሁለት ሰው ለየብቻው ያነበዋል፣ ከዚያ ያገኘነውን እናስተያያለን። የኔ ጥንድ ጡረታ የወጡ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። «አባ ይጣራ» ነው የምንላቸው፤ ሻይ ቀርቦላቸው ስኳር አለው ሲባሉ እንኳ «ይጣራ» ብለው ነው የሚቀምሱት። የእርስዎ ክኒን ጥናት ሲደርሰን፣ ደንቡ ስለሆነ፣ ወንድሜ ይህ ሕመም እንዳለበትና መድኃኒቱን እየጠበቀ እንደሆነ ለአለቃችን ነገርኳት። አሰብ አድርጋ «ይመዝገብና አንብቢ፤ ጥንድሽ እንደሆኑ አይምሩሽም» አለችኝ። አባ ይጣራ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል አድርገው «እንዲሠራ ፈልገሻል ማለት ነዋ፤ እሱም ይጣራ» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም ነበር።

ጥናቱ ሲያዩት ያምራል። ዕጣው በደንብ ወጥቷል፣ ማስመሰያውም ተዘጋጅቷል፣ ክኒኑን በወሰዱት ላይ ማቃጠሉ በግልጽ ቀንሷል፣ ያዞራቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱን ሰንጠረዥ ባየሁ ቁጥር እርስዎ ከሥራ ገብተው እግርዎን ውሃ ውስጥ ነክረው ዝም ሲሉ ይታየኛል። «ጥሩ ጥናት» ብዬ ጨረስኩ። አባ ይጣራ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተተክለው ቀሩ። ከአምስት ተሳታፊ አንዱ በመሃል አቋርጧል፣ ምክንያቱ «የግል ጉዳይ» ነው፣ ውጤቱም የተሰላው እስከ መጨረሻው በቆዩት ብቻ ነው ትላለች። «ይህ ሁሉ ሰው ባንድ ሰሞን የግል ጉዳይ ገጠመው? ሠርግ ተጠርተው ነው?» አሉኝ። «ክኒኑ አስቸግሯቸው ቢሆንስ? የተመቸውን ብቻ አስቀርተሽ ተመቻችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ እኮ ነው።» እኔም ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ፤ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ቤት ይቀይራል፣ ይሰለቻል አልኩ። ድምፃችን ከፍ ብሎ የጎረቤት ጠረጴዛዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ሳንስማማ ተለያየን።

በዚያው ሰሞን የካፖርቴ ዚፕ ተበላሽቶ፣ ከምኖርበት ሕንፃ ሥር ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። ከኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ሰላም ከመባባል ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ቀዝቃዛው ሸክላ ወለል ላይ ዘርግታ ትሰፋለች። ዐይኔ እግሯ ላይ እንዳረፈ ስታይ «አትታዘቢኝ፣ ስኳር አለብኝ፣ እንደ ፍም ያቃጥለኛል» አለች። ወንድሜም እንደዚሁ ነው አልኳት። ይኼኔ መርፌዋን አቁማ ማውራት ጀመረች። ከሁለት ዓመት በፊት ትልቁ ሆስፒታል አዲስ ክኒን ሲሞከር ገብታ ነበር። የክኒኑን ስም ስትነግረኝ ደግሜ አስጠራኋት። ያው ነው።

«ማቃጠሉንስ አብርዶልኝ ነበር» አለችኝ። «ግን ያዞረኝ ጀመር። አንድ ቀን ደረጃ ስወርድ ተንከባልዬ ክንዴን ተጎዳሁ። በቃኝ ብዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ያነሳው ልጅ ‹ምክንያትሽ የግል ጉዳይ ነው?› አለኝ። አዎ አልኩት፤ ከራስ መዞር በላይ ምን የግል አለ? ከዚያ ወዲህ ማቃጠሉም ተመለሰ፣ ማዞሩም አልለቀቀኝም። መርዝ ነው ያስገቡብኝ።»

ጋሼ፣ ደሜ ፈላ። ያ የተከራከርኩለት ጥናት! ክኒኑን ልኬልዎት ቢሆንስ? ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ ጣሪያ የሚቀባ ሰው ሲያዞረው ታየኝ። በማግስቱ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ አባ ይጣራ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ልክ ነበሩ እያልኳቸው ነው እኮ፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «አንድ ሰው አንድ ሰው ነው» አሉኝ። «ማስመሰያውን ስትውጥ የነበረች ብትሆንስ?» የወደቀች ሴት እያወራሁላቸው እንዲህ ማለታቸው ድንጋይ ልብነት መስሎ ታየኝና ተቆጣሁ። አለቃችን ገላገለችን። የጎረቤት ወሬ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፣ የሴትዮዋም ማንነት ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ጥያቄው ግን ከወሬው በፊትም የነበረ ጥያቄ ነው አለች። ያቋረጡት እያንዳንዳቸው የትኛውን ክኒን እንደወሰዱና ለምን እንዳቋረጡ እንዲያሳውቁን ለጥናቱ ባለቤቶች ጻፈችላቸው።

መልሱ አጭር ነበር፤ የግል ጉዳይ ነው፣ በጽሑፋችን ገልጸነዋል የሚል። እንደገና፣ በጣም ለስለስ አድርጋ፣ ለመጽሔቱም አዘጋጅ አሳውቃ ጻፈች። ብዙ ጠበቅን። አንድ ቀን ጠዋት የጥናቱ መሪ ሐኪም ራሳቸው ደወሉ። ይቆጣሉ ብለን ነበር፤ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «ጥያቄያችሁን ይዤ የስልክ ሠራተኞቻችንን ጠየቅኋቸው። ለካ ተሳታፊው አልፈልግም ካለ ዝርዝሩን እንዲጠይቁ የነገራቸው የለም። እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። ለሁሉም አስደውላለሁ» አሉ።

አስደወሉም። አብዛኞቹ አቋራጮች እውነተኛውን ክኒን ሲወስዱ የነበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹን አዙሯቸዋል፣ የወደቁም አሉ፣ ይበልጡን በዕድሜ ገፋ ያሉት። እነሱ ተካተው ሲሰላ ጥቅሙ አልጠፋም፣ ግን ከተባለው በግማሽ ያህል ወረደ። ሐኪሙ እርማቱን በዚያው መጽሔት በራሳቸው ስም አወጡ። እንዲህ የሚያደርግ ብዙ የለም፤ አባ ይጣራ እንኳ ሲያነቡት ይጣራ ሳይሉ «ደህና ሰው ነው» ብለው ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት።

አሁን የልብስ ሰፊዋን ነገር ልንገርዎ። ከሆስፒታሉ ለእሷም ተደውሎላት ሄዳለች። ማታ በሬን አንኳኳች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ዱቄት ነው አሉኝ!» አለች ገና ሳትገባ። «ማስመሰያው ነበር የደረሰኝ። ዱቄት እየዋጥኩ ነው የበረደልኝ! ዱቄት ነው የጣለኝ! እንግዲህ ቀጣፊ ነኝ ማለት ነው።» አልቀጠፍሽም፣ ማንም ላይ የሚደርስ ነው ብላት የባሰ አስከፋኋት። ሰላም ስላት ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኝ ጀመር፤ ካፖርቴንም ከሱቋ ያወጣሁት ሳንነጋገር ነው።

ለአባ ይጣራ ስነግራቸው፣ «እኔ ብዬ ነበር» ይላሉ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን ፊታቸው ጭፍግግ አለ። «ታዲያ ያ ማዞር ከየት መጣ? ክኒኑ ካልሆነ ሌላ ነገር አለ እኮ። እሱ ይጣራ እንጂ! ሐኪም ይያት» አሉኝ። ስንጨቃጨቅ የከረምነው ስለ ወረቀቱ ነበር፤ እሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ እየያዘች ነበር። ወርጄ፣ ኩርፊያዋን ችዬ፣ ነገርኳት። ሄደች። ለደም ግፊቷ የምትወስደው መድኃኒት በዝቶባት ኖሯል፤ ቀነሱላትና ማዞሩ ተዋት።

ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ ወንበር ሰጠችኝ። «ለምን እንደበረደልኝ አስቤ አስቤ ደረስኩበት» አለችኝ ክር እያስገባች። «ሙከራው ላይ ሳለሁ በየሳምንቱ አንዲት ነርስ ትደውልልኝ ነበር። እግርሽ እንዴት አደረ? ትለኛለች። የቱ ጋ ነው? ሲነካ ነው ወይስ እንዲሁ? ትለኛለች። ከእሷ በፊት ስለ እግሬ የጠየቀኝ ፍጡር አልነበረም። ለወንድምሽ ይህንን ጻፊለት።» ጻፍኩልዎ። አባ ይጣራ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ያውቁታል፤ እኔም ትክክል ናት ብዬ መማል አልችልም።

እንግዲህ ክኒኑን አይውሰዱ አላልኩም። እርማቱን ለሐኪምዎ በስልክ ልኬዋለሁ፣ አብራችሁ ተነጋገሩበት። ለእርስዎ ይሆናል ካሉ በትንሹ ይጀምሩ፣ ሰውነትዎ እስኪለምደው ድረስም መሰላሉን ለልጁ ይልቀቁለት፤ እርስዎ ከታች ሆነው ይዘዙት። ከእኔ ደግሞ አንድ ነገር ይቀበሉኝ። ስደውል ደህና ነዎት? እላለሁ፣ ደህና ነኝ ይሉኛል፣ ከዚያ ስለ ሁሉም ሰው አውርተን እንዘጋለን። ስንት ዓመት እንደዚህ አወራን! ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ እግርዎ ብቻ ነው የምደውለው። ደህና ነው ብለው እንዳያልፉኝ። የትኛው ጣት እንደሆነ፣ ቆመው ነው ተኝተው፣ እንቅልፍ ነሳዎት ወይስ አልነሳዎትም፣ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ። ጊዜ አለኝ፣ ጋሼ።

ለእማማ ግንባራቸውን ሳሙልኝ፤ ሹራቡ ከሰፋቸው እትዬ ታጥብብላቸው። ለእትዬ፣ ጫማውን በግድም ቢሆን እንድታስደርግዎት አደራ ብያታለሁ። ለትልቋ ልጅዎ፣ ጥናቱን ስለላከችልኝ አመሰግናታለሁ፤ ሌላም ካየች ትላክ፣ አትፈር። መሰላሉን ለሚረከበው ለጎረምሳው ልጅዎ፣ ለትንሿም ቀበጥ፣ ደጅ ላሉት ጎረቤቶችም ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

እርስዎ «ለፍላፊት» የሚሏት ታናሽ እህትዎ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቴ ሥር
ኅዳር 14 ቀን፣ ቅዳሜ