ሳልሄድ ተሸኘሁ

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ቢሮው ማንጎ ማንጎ ይሸታል። የማንጎ ሽታ ደስ ይላል የሚል ሰው ቢሮው ከመጋዘን ጋር ግድግዳ አይጋራም። ከባምባሲ የመጣው ጭነት ግማሹ ለስልሷል። የመጋዘን ኃላፊያችን ጋሽ ሐምዳን በሩ ላይ ቆመው ንቦቹን ሲመክሩ አገኘኋቸው። ከእኛ ስብሰባ የተሻለ ነው… ንቦቹ ቢያንስ ስልክ አይነካኩም።

ከሰዓት ስብሰባ። ከአዲስ አበባ አሶሳ ድረስ አማካሪ መጥቶልናል። ምስጋና ይባላል፣ ልጅ ነው፣ ኤምቢኤ አለው፣ ሹል ጫማ አለው። የገበሬዎች ዩኒየናችንን ማርኬቲንግ ሊያይ ነው። የዩኒየኑ ማርኬቲንግ እኔ ነኝ። እኔን ሊያይ ነው ማለት ነው። "ቫልዩ ቼይን" አለ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ብሬክ ኢቨን" አለ። አብልጬ ነቀነቅኩ። አሁን አንገቴን እያመመኝ ነው።

ሲወጣ ምን አለኝ? "እትዬ እስከዳር፣ ጥሩ ተሳትፎ ነበር።"

እትዬ! ገና ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ረዳቴን ሀምዲያን ደረጃው ላይ አግኝቼ "እኔም ኤምቢኤ ልማር እንዴ?" አልኳት። ቀልድ ነበር።

ነበር?

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሀምዲያ ለማንም አልተናገረችም። ለጋሽ ሐምዳን ብቻ። ጋሽ ሐምዳንም ለሾፌሩ ብቻ። ሾፌሩ ዛሬ ኩርሙክ ውሏል። ስለዚህ እስከ ሱዳን ድንበር ያለው ሕዝብ ተማሪ መሆኔን ያውቃል።

በሻይ ሰዓት አቶ ደባልቄ አስጠሩኝ። ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ጡረታቸው ደርሷል፤ ማይክ ሳይዙም ማይክ የያዙ ይመስላሉ።

"ወይዘሮ እስከዳር፣ ኮርተንብሻል!"

"ገና እያሰብኩበት ነው እኮ።"

"ማሰብሽ ራሱ ውጤት ነው!"

በሩ ጋ ስደርስ ወንበራቸውን መታ መታ አደረጉ። "እኔ ስወጣ ይቺ ማስተርስ ትጠይቃለች" አሉ። ጥሩ ወንበር ናት። ትሽከረከራለች።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ለምን ልማር? በሐቅ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ለዩኒየኑ… ውሸት። ለዩኒየኑ ብዬ ዓርብ ከሰዓት ቢሮ የተገኘሁበት ቀን የለም። ለአርሶ አደሩ… እሱ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ነው። ለወንበሯ… ትንሽ። "እትዬ" ላለመባል… ትንሽ ከትንሽ ከፍ ያለ።

ቦዔዝ አጠገቤ የፊዚክስ ፈተና ያርማል። ባሌ የወለጋ ልጅ ነው፤ ቃል እንደ ናፍጣ ይቆጥባል።

"ልማር ብዬ ነው።"

"የት?"

"አዲስ አበባ። ሁለት ዓመት።"

"ለምን?"

አራት ምክንያት ደረደርኩለት። አራቱም ስልኬ ላይ ካየሁት ማስታወቂያ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን እንኳ አልቀየርኩም።

"እሺ" አለና ወደ እርማቱ ተመለሰ።

ተስማማ? አዘነ? አልሰማኝም? ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ የዚህን ሰውዬ እሺ መተርጎም አልቻልኩም።

ኢልሊ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ሳያድግ ምላሷ አድጓል። "እማዬ፣ ወድቀሽ ነው እንዴ የምትደግሚው?"

ሰኔ 20፣ ዓርብ

አመለከትኩ። አዲስ አበባ።

እዚሁ አሶሳም የቅዳሜና እሁድ አለ። አልፈለግኩትም። እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ይቀመጣል? የማውቀው ሁሉ። አንድ የሞኝ ጥያቄ ብጠይቅ ሰኞ ገበያው ይሰማዋል። አዲስ አበባ ግን ሞኝነቴ እንግዳ ነው፤ ማንም አያውቀውም።

ይሄ ምክንያት ነው ወይስ ሽሽት? ማመልከቻው ላይ "የላቀ የትምህርት ድባብ በመሻት" ብዬ ጽፌዋለሁ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ወይ ጉድ።

አቶ ደባልቄ ዓርብ ሽኝት እንዳለ ነገሩኝ።

"የማን?"

"ያንቺ ነዋ!"

"ኧረ ገና መልስ አልመጣም! ላይቀበሉኝ ይችላሉ እኮ!"

መነጽራቸውን አወለቁ። ለልጅ እንደሚያስረዱ ዝግ ብለው፣ "ልጄ፣ በጀት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። የመስተንግዶው ሳይነካ ተቀምጧል፤ ካልተጠቀምንበት ተመላሽ ነው። ሐምሌ ላይ ብትቀበይ በምን እንሸኝሻለን?"

"አዲሱ በጀት…"

"አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ አንቺ ተመርቀሽ ትመለሻለሽ።"

ምን ይመለሳል? ልክ ናቸው።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ተሸኘሁ።

ፍየል ታረደ። ለስላሳ በሳጥን በሳጥን ገባ። አቶ ደባልቄ ንግግር አደረጉ፦ "እስከዳር ታታሪ ነበረች። ተጫዋች ነበረች። የቢሮአችን መብራት ነበረች።" ነበረች፣ ነበረች… ጥቁር የለበሰ ሰው ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሀምዲያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ፍየሉን ግን አልተወችም።

ጋሽ ሐምዳን ቆመው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው መረቁኝ። "እስከዳር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነው። አላህ መንገድ ይክፈት። ኸላስ፣ በቃ፣ ሂድ!" ሰው ሁሉ አሜን አለ። ሂድ ለሚለው የአሜኑ ድምፅ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ ስጦታ። ሻንጣ! ቀይ፣ ባለ ጎማ፣ ቦዔዝን አጥፎ የሚይዝ።

መልስ ስጪ ተባልኩ። ተነሥቼ፦ "ዘመኑ የሚጠይቀውን የአመራር ክህሎት ታጥቄ፣ ማንጎአችንን በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ ለማድረግ…" ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ደባልቄ ሶፍት ላይ ሲጽፉት አየሁ። ንግግሬን! ለመቼ ይሆናቸዋል?

ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያልኩትን ያላመነ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። እሷም እየተጨበጨበላት ነበር።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሥራ ገባሁ። ሌላ የት ልግባ?

ጥበቃው፦ "አልሄድሽም እንዴ?" ሾፌሩ፦ "አልሄድሽም እንዴ?" ፋይናንስ፦ "ምን ረሳሽ?"

ወንበሬ ላይ ሀምዲያ ተቀምጣለች። እኔን ስታይ ዘላ ተነሣች።

"እስኩዬ፣ ወላሂ እኔ አልጠየቅኩም! ራሳቸው አቶ ደባልቄ ናቸው እዚህ ሁኚ ያሉኝ!"

"ተቀመጪ። የሞተ ሰው ወንበር አይጠይቅም።"

"አቦ አትበይ እንደሱ!" አለች። ቀድማ ግን ተቀምጣለች። የራሷን ትራስም አምጥታለች።

መጋዘን ወረድኩ። ጋሽ ሐምዳን አግዳሚ ወንበር ጠረጉልኝ። ጫፉ ላይ ማን ተቀምጧል? ምስጋና፣ ከነሹል ጫማው። ለእሱም ጠረጴዛ አልተገኘለትም። የዩኒየኑ ማርኬቲንግና የማርኬቲንጉ ሐኪም፣ ሁለት ስደተኞች፣ በበሰበሰ ማንጎ መሀል።

ሐምሌ 6፣ እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ስለ መንገዴ ተጸለየልኝ። ባለፈው እሁድም ተጸልዮልኛል። መጋቢው ሲጨርሱ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው መኖሬን አረጋገጡ። የሸርቆሌ ሚኒባስ ረዳት ሳይቀር መንገድ ላይ "አሁንም አለሽ?" አለኝ። አለሁ ብሎ መመለስ የሚያሳፍርበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሰዓት ቦዔዝ ሻንጣውን ግቢው ውስጥ ሲጎትተው አገኘሁት። ወዲያ ወዲህ፣ በጠጠሩ ላይ። ውስጡ መጻሕፍት ጭኖበታል። ቀጭ! አንዱ ጎማ ተሰበረ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ሙከራ።" ጎማውን አንሥቶ አገላብጦ አየው። "ይሄ ለአስፋልት የተሠራ ነው።"

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ከባሌ።

የኢልሊ ጸጉር ሰሞኑን ምን ሆኗል? ሹሩባው አንዱ ወደ ባምባሲ፣ አንዱ ወደ ኩርሙክ። "ማን ሠራሽ?" ስላት ትስቃለች።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ፣ ሳይበርድብኝ።

ምስጋና የዓመቱን ሪፖርቴን ያነባል። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ? የመኪናውን ኪራይ ያካፈልሽው ለስንት ሣጥን ነው?"

"ለተጫነው ነዋ።"

"አዲስ አበባ ደርሶ የተሸጠውስ ያን ያህል ነው?"

"አይደለም። መንገድ ላይ የሚበላሽ አለ።"

"ታዲያ የተበላሸው ሣጥን ኪራይ አይከፍልም እኮ። ማነው የሚከፍልለት?"

አንገቴ በልማዱ ሊነቀነቅ ጀመረ። ያዝኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያፈንኩትን ቃል አወጣሁት፦ "አልገባኝም።"

ሰማይ አልተደረመሰም። ልጁም አልሳቀም። ካርቶን ቀደደና ሣለልኝ። የደረሰው ሣጥን የቀረውን አዝሎ ነው የሚሄደው፤ የእሱንም ኪራይ ይከፍላል። ካርቶኑን ቀማሁትና በራሴ ደግሜ ሠራሁት። "በጣም አተረፈ" ብለን የምናወራለት መኪና… አላተረፈም። ለትርፉ ፍየል አርደን የበላንለት መኪና እሱ ነው!

ለባምባሲ ሰዎች ዋጋ አልጨመርንም፣ መልቀሙ አላዋጣቸውም፤ ማንጎአቸውን ከዛፉ ሥር እንዲረግፍ የተዉት ሰንፈው ነው ብዬ ሪፖርት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያላተረፈውን መኪና አሞግሼ ሰውን ሰነፍ አልኩ። ማፈር አለብኝ። አፍሬአለሁም። ግን ከማፈሩ በላይ… "እሺ፣ ቀድመን ብንለቅምስ? መንገዱን ለሁለት ብንከፍለውስ? ጭማቂ ቤት ብንሰጥስ?" እያልኩ ልጁን ስወጥረው "እትዬ፣ ምሳ ሰዓት አልፏል እኮ" አለኝ።

ምሳ ረሳሁ። እኔ! ምሳ!

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ተቀበሉኝ። አዲስ አበባ።

ሀምዲያ እልል አለች። (ትራሷ ተረጋገጠላት።) አቶ ደባልቄ "ሽኝታችን ትንቢት ነበር!" አሉ። ክብሬ ተመለሰ። ከነገ ጀምሮ "አልሄድሽም እንዴ?" ለሚለኝ መልስ አለኝ። ሁለት ዓመት፣ ማንም የማያውቀኝ ከተማ…

ለምንድን ነው እንግዲህ ሻንጣውን እያየሁ የምቀመጠው?

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቤት ስገባ ሀምዲያ በረንዳ ላይ ናት፤ በምሳ ሰዓት ወጥታ ወደ ቢሮ አልተመለሰችም ነበር። ከፊቷ ቦዔዝ፣ ከቦዔዝ ፊት ኢልሊ። ባሌ ማበጠሪያ በጥርሱ ነክሶ፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ ሹሩባ ይማራል!

"ከላይ ያዝ፣ ከላይ!" ትላለች ሀምዲያ። "አይ አቶ ቦዔዝ፣ ይሄ የመኪና ገመድ አይደለም!"

"አባዬ አመመኝ!"

እኔን ሲያይ ማበጠሪያው ከጥርሱ ወደቀ። ሀምዲያ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ጠፋች።

የሰኔው እሺ ትርጉም ይሄ ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ጸጉሯን ማን ይሠራላታል ብሎ… እና እኔ አራት ምክንያት ከማስታወቂያ ገልብጬ ሰጠሁት።

"አዲስ አበባ አልሄድም" አልኩት። "ቅዳሜና እሁዱን እዚሁ እማራለሁ።"

"ለእኛ ብለሽ ከሆነ ሂጂ።"

"ለእናንተ አይደለም። አዲስ አበባን የመረጥኩት ሞኝነቴን ልደብቅ ነበር። አሁን ያልገባኝ ነገር ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ያለውም መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሄጄ ከሩቅ ልጠይቀው?"

"ሰው ይስቅብሻል። ተሸኝተሻል።"

"አውቃለሁ።"

"እሺ" አለና ማበጠሪያውን አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

መለስኩለት። "ቅዳሜና እሁድ ክፍል ነኝ። ተለማመድ።"

ኢልሊ ጮኸች።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ለአቶ ደባልቄ ነገርኳቸው። ቆመው ነበር፣ ተቀመጡ።

"ተሸኝተሻል እኮ! ሒሳቡ ተወራርዷል! ሽኝት ተመላሽ አይደረግም!"

"ሻንጣውን ልመልስ?"

"በየትኛው ደረሰኝ?" ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚሁ ነው ያልሽው? ቅዳሜና እሁድ? ሰው ሳያይ?"

"አዎ።"

"ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?"

"ለምን ጠየቁኝ?"

"ለመረጃ። ለመረጃ ነው።"

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያ ቀን። ደብተሬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት "መልካም መንገድ!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳልቸኩል ሄድኩ።

ክፍሉ እንደፈራሁት ነው፤ ግማሹን አውቀዋለሁ። የኋላው ወንበር ላይ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ፀሐይ በሌለበት የፀሐይ መነጽር ያደረገ ትልቅ ሰው… አይደለም። አይሆንም። ነው!

መምህሩ "ለምን መጣችሁ?" ብሎ በየተራ ጠየቀ። ኮፍያው ተነሣ። ማይክ የለም፣ ድምፁ ግን የማይክ ነው፦ "ዘመኑ የሚጠይቀውን የአመራር ክህሎት ታጥቄ፣ ማንጎአችንን በዓለም ገበያ ተወዳዳሪ ለማድረግ!" ቃል በቃል። ሶፍቱ ለዚህ ነበር። ክፍሉ አጨበጨበ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ተነሣሁ።

"መኪናችን ሞልቶ ሄዶ ባዶ እጃችንን የምንቀረው ለምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

ማንም አላጨበጨበም። መምህሩ ግን ጠመኔ አነሣና ወደ ሰሌዳው ዞረ። "እስቲ ከዚያ እንጀምር። የተጫነው ምን ነበር?"

"ማንጎ" አልኩ።

ስንወጣ አቶ ደባልቄ ክንዴን ይዘው ከግንቡ ጀርባ ወሰዱኝ። ጡረታቸው ሲደርስ እንቅልፍ እንቢ አላቸው፤ ቤት ተቀምጠው ለማን ንግግር ያደርጋሉ? በዚህ ዕድሜ ወድቀው ቢታዩስ? መነጽራቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው ኢልሊ ትምህርት ቤት የገባች ቀን እንደነበራት ዓይን ነው። ደግሞ ያ ወጪና ገቢ እኩል የሚሆኑበት "ብሬክ ኢቨን" ሁሌም የመኪና ፍሬን እየመሰላቸው ነው የኖሩት።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አሉኝ። "አደራሽን፣ እስኩዬ። ከሰሙ ይሸኙኛል።"

ማልኩላቸው። ከልቤ ነው የማልኩት።

አሁን ግን ልብሴን ሳላወልቅ ተቀምጬ አስባለሁ… አዲሱ በጀት ተለቅቋል። መስተንግዶው ገና አልተነካም። ሀምዲያ ደግሞ ሰኞ በሻይ ሰዓት ሥራ አይበዛባትም።

ሻንጣ መግዛት አያስፈልጋቸውም። አንድ ቀይ አለ። አንድ ጎማ ብቻ ነው የጎደለው።