የዳሌዬ ብረትና ሱጁዴ

ልጄ ሁዘይፋ፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው እህትህ ዚክራ ናት።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ብሷል። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃው ግን ወንድ ነው።

ያ ዳሌዬ ውስጥ የገባው ብረት ማመም ሲጀምር ያልከኝን አልረሳሁም። «ሐኪሙ ጎንበስ አትበይ እያለሽ ሱጁድ ወርደሽ ራስሽ አበላሸሽው» አልከኝ። ስልኩ በስፒከር ስለነበር የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ዚክራ ይህን መጻፍ አፍራ ነበር፤ ጻፊ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። ግንባሬ መሬት ከነካ ዓመት አለፈው። ሴቶቹም «ሐኪም የማትሰማዋ» እያሉ ይስቁብኛል።

ሰሞኑን ዚክራ ደሴ ወስዳ አስመረመረችኝ። ሐኪሙ ራጁንና የደሜን ውጤት አይቶ፣ «ብረቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ የሚረግፈው ደቃቅ ሥጋዎን ጎድቶታል። የስግደትዎ ጥፋት አይደለም፣ እናቴ» አለኝ። «ይህንኑ ለልጄ ንገርልኝ» ስለው ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። አሁን ያ ብረት ወጥቶ ሌላ መግባት አለበት አሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ልቀደድ ነው።

ብረቱን በደግ አስበህ ነው ያስገባህልኝ፤ አላህ ኸይርህን ይክፈልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ሆስፒታል ሳልገባ፣ ጁምዓ ከሰዓት ደውልልኝ። ሴቶቹ እኔ ዘንድ ናቸው፤ ዚክራም ስፒከሩን ትከፍተዋለች። «እማ፣ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» በለኝ። ያኔ እንዳልከው፣ ጮክ ብለህ።