የቲሊ መልስ

ቺካጎ፣ የካቲት 1940

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የነብራስካ ብርድ ዘንድሮ ከብቱን ፈጀው ሲሉ ሰምቼ ለአንቺና ለልጆቹ ስሰጋ ነው የሰነበትኩት። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «በሬዲዮ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋን ቲሊን ስትጫወቺ ቁርጥ እማማን ነሽ፤ ያችን አፏ የማያርፈውን» ብለሽኛል። ስትስቂ ተሰማኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እርግጥ ድምፁ የእሷ ነው። «ሃሎ የኔ ሸጋ፣ መስመሩ ተይዟል፤ እስኪለቀቅ የዶሮዎችሽን ነገር አጫውቺኝ» ስል አገር ይስቃል። ደስ የሚል ሥራ ነበር፤ እስከ ሐሙስ።

የሐሙሱ ጽሑፍ ቲሊ የአንዲት ሙሽራ እጮኛን ምስጢር በስልክ ሰምታ ለመንደሩ እንድትዘራ ያዛል። ሳነበው እጮኛሽ የነበረው ኤልውድ ትዝ አለኝ። በልጅነቱ መታሰሩን ለወንድሙ በስልክ ሲያወራ ተሰምቶ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ያልሰማ አልነበረም። እሱ በኀፍረት አገር ጥሎ ሄደ፤ እማማ ቤታችን ሆና ትሠራበት ከነበረው ማዞሪያ ተባረረች፤ አንቺም ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ደጇን አልረገጥሽም።

አለቃችንን «ይችን ቦታ ቀይርልኝ» ብዬ ለመንኩት። «አንቺን መቀየር ይቀለኛል» አለኝ። ስርጭቱ መጀመሩን የሚነግረን ቀይ መብራት በራ።

ፀጉር አስተካካዩን የሚጫወተው ሽማግሌ፣ «አንቺ ቲሊ፣ ይህን ወሬ ያወጣሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ «ታዲያ ውጬው ልፈንዳ?» የሚል ነበር። እኔ ግን፣ «አይደለሁም። ያን ሰዓት ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር» አልኩ።

አለቃችን ከመስታወቱ ጀርባ ብድግ አለ። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ወረቀቱን አገላበጠና፣ «ታዲያ ማዞሪያው ላይ ማን ነበር?» አለኝ።

ሚሊዮን ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል።

«ጓደኞቿ እንዲሰሟት የጓጓች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ» አልኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሊያየን የመጣው ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። ሰኞ ቢሮ እንድቀርብ ታዝዣለሁ፤ ምን እንደሚሉኝ አላጣሁትም።

አርብ ጠዋት እማማ ደወለች። «ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የያዝኩትን ምስጢር!» አለችኝ። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። «እኔ እናቷ ነኝ፣ እህትሽ ብትቀየመኝም እችለዋለሁ። እናንተ ግን እኔ ስሞት ከእርስ በርሳችሁ በቀር ማን አላችሁ?» አለችኝ። ከዚያ ሳል አቋረጣት፤ ደረቷ ክፉኛ ታሟል።

እህቴ፣ ኤልውድ ለወንድሙ የደወለ ቀን አንቺ መዝሙር ልምምድ ሄደሽ ነበር። እማማ ጓሮ ነበረች። ቤት ማን እንደቀረ ታውቂዋለሽ።

ለእኔ መልስ ባትጽፊ አልፈርድብሽም። ለእማማ ግን ድረሺላት፤ ምንም ማለት አይጠበቅብሽም፣ አጠገቧ ቁጭ በዪ ብቻ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ።

ከፈቀድሽልኝ፣
ታናሽ እህትሽ