በብርጭቆ የተቀመጠው ባቄላ

ሐምሌ 22፣ ደብረ ማርቆስ

በፈጣሪና በዚህ ደብተር ፊት እናዘዛለሁ፦ ለመምህራኑ የክረምት ሥልጠና እንዲበቅል በብርጭቆ የተቀመጠውን ባቄላ እቤት በቀቀልኩት ንፍሮ የቀየርኩት እኔ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪያችን የቲቸር ደሳለኝ ብርጭቆ መስሎኝ ነበር። “ካላጠናችሁ ገበሬ ነው የምትሆኑት” እያሉ ሲያስፈራሩን ከርመው፣ አሁን እርሻን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለማስተማር ሊሠለጥኑ መጡ!

ለካ ብርጭቆው የአባዬ ነው! እሱም ከሠልጣኞቹ አንዱ ነው። ነገ በመምህራኑ ሁሉ ፊት ቡቃያውን እያሳየ ማስተማር አለበት። የሌሎቹ ጎንቁሏል። እሱ ብርጭቆውን ቤት ይዞት መጥቶ ሳሎን ተቀምጧል፤ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ።

“ይኸን ያህል ዘመን ባዮሎጂ አስተምሬ ባቄላ ማብቀል ያቅተኝ?”

“ውሃ አብዝተህበት ይሆናል” አለችው እማዬ።

አንዱን ፍሬ አወጣ። አሸተተው። ኧረ ቀመሰው! ከዚያ ወደ እኔ በር ዞረ።

“ሰላም! ነይማ እስቲ፣ ንፍሮሽ ጨው ጎድሎታል።”