ለፈተና የተቀመጠ ሆድ

ለተከበሩ የውስጥ ደዌ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ጋዋንዎ ሳይጨማደድ እንዲቆይ፣ ጉበትዎም ስሙ ሳይነሳ በሰላም እንዲያገለግልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በወንዶች ክፍል መስኮቱ ሥር የተኛው፣ ተማሪዎችዎ «ጥሩው ሆድ» የሚሉት ሰው ሚስት ነኝ። ምስጋናዬና አቤቱታዬ ስለተደባለቁብኝ በቁጥር ላስቀምጣቸው።

1. ባለቤቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ጉበቱን የጎዳው ቫይረስ መሆኑ በደም ምርመራ ቢታወቅም፣ እያንዳንዱ ተማሪ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ እንደ አዲስ ይጠይቀዋል፤ አልጠጣም ሲለው ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ እውነቱን እንዳወጣ በዓይኑ ይለማመጠኛል። አጠገቡ ባለው አልጋ የተኙት አባት እንኳ አሁን አሁን መጠጥ እንዲተው ሊመክሩት ጀምረዋል። ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ።

2. እጄን ሥራ ስላስያዙልኝም እንዲሁ። ተማሪው የባለቤቴን ሆድ አንድ ጎን በጣቱ ሲመታ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ሞገድ በሌላው ጎን እንዲሰማው፣ አንድ ሰው የእጁን ጠርዝ በሆዱ መሃል መጫን አለበት፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ሞገዱን ሲያገኙት ፈገግ ይላሉ። እኔን የሚሰማኝ የቆዳው መወጠርና የትንፋሹ ማጠር ነው። ተጋድሞ መተኛት ካቃተው ሰንብቷል።

3. ውሃው በመርፌ ቢቀዳለት እንደሚቀለው እርስዎ ራስዎ ሲያስተምሩ ቆሜ ሰምቻለሁ። ቀጥለውም እንዲህ ያለ ሆድ በየጊዜው ስለማይገኝ የተማሪዎቹ ፈተና እስኪያልፍ ውሃው እንዳይነካ አዘዙ። ፈተናው ደግሞ እንግዳው ፈታኝ መንገድ በመውጣታቸው ተራዘመ፤ ባለቤቴም አብሮ ተራዘመ። ትናንት ትኩሳት ጀመረው። ነርሷ ትእዛዙ የእርስዎ መሆኑን፣ ጸሐፊዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ። ፈርቻለሁ። ይህንንም የምጽፈው ይቀዳለታል ብዬ ሳይሆን፣ ዝም ብላ አየች እንዳልባል ነው።

4. አንዷ ተማሪ ስትወጣ ይቅርታ ጠይቃኛለች። ከእርስዎ እንዳልተማረችው እርግጠኛ ስለሆንኩ፣ በእሷ ላይ እንዳይቆጡ እለምናለሁ።

በእጇ ጠርዝ ለሕክምና ትምህርት መስፋፋት የበኩሏን ያበረከተች፣ የስብሰባዎን መጠናቀቅ በአክብሮት የምትጠባበቅ፣
የታማሚው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማንም ስላልጠየቀን እንጂ ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ዛሬ ጠዋት ተማሪዎችዎን አስከትለው አልጋው ጋ ሲደርሱ፣ ዓይን ዓይንዎን እያየ ፍሬን እንዲይዙ ደጋግሞ ነገረዎት። እርስዎም የጉበት በሽታ ወደ አእምሮ ሲዘልቅ ሰው እንዲህ መቀባዠር እንደሚጀምር፣ ይህም ለፈተናው ጥሩ ተጨማሪ ጥያቄ እንደሚሆን አስረድተው አለፉ። ትክክል ነዎት፤ እኔንም አላወቀኝም። ብቻ ለእውቀትዎ ያህል፣ ያንን ቃል ከአፉ የሚያወጣው ተማሪው ሰው ሊገጭ ሲል ነበር።