ምች አልነበረም፣ አባዬ

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው አፍህ የተጣመመ ጊዜ አይደለም። የተበላሸው ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ይርጋ ገብተው አንድ ጊዜ አዩህና «ምች ነው፤ በሩን ዝጉት» ያሉ ጊዜ ነው።

ከተለየኸን ሦስት ፋሲካ አለፈ። እስከ ዛሬ የምነግርህን ሁሉ መቃብርህ አጠገብ ቆሜ ነበር የምነግርህ። ይሄኛውን ግን መጻፍ ይሻለኛል፤ ስናገረው እጮኻለሁ፣ ስጮኽ ደግሞ ሰው የሚሰማው ጩኸቴን ብቻ ነው።

ያን እሑድ አንተ ከውስጥ ሆነህ አየኸው፤ እኔ ከውጭ ያየሁትን ልንገርህ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ጫማህን ልታስር ስትታገል ግራ እጅህ ክሩን መያዝ አቃተው። «እጄ ገና አልተነሣም» ብለህ ሳቅክ። ውሃ ሰጠሁህ። በግራ በኩል በአፍህ ጥግ ፈስሶ ሸሚዝህን አረጠበው፤ ያኔ ሳቁን ተውከው። ግራ ጉንጭህ ወርዶ አፍህ ወደ ቀኝ ተስቦ ነበር። እማዬ ጮኸች፣ ጋሽ ይርጋም አጥሩን ዞረው መጡ።

ፍርዳቸው ቶሎ ነበር። ቅዳሜ ፍልውሃ ገብተህ ታጥበሃል፤ ሰውነትህ ሳይበርድ የአይሱዙህን መስኮት ከፍተህ ጉደር ድረስ ሽንኩርት ልትጭን ነድተሃል። ከፍል ውሃ የወጣ ሰው ነፋስ አግኝቶት አፉ ከተጣመመ ምች ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ምች የመታው ሰው ደግሞ ይታሻል፣ ይሸፈናል፣ ያልበዋል። ከቤት አይወጣም። ይህን እኛ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ዳማ ከሴ ከጓሮ ተቀጠፈ፣ ተጨምቆ በቅቤ ተለወሰ፣ ጋሽ ይርጋም በገዛ እጃቸው ግራ ክንድህንና ግራ ጉንጭህን ሲያሹ ዋሉ። ሆስፒታል እንውሰደው ብዬ ለመንኩ። ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ነፋስ አስመትተሽ ልትጨርሽው ነው? ያሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ። በሩ የተከፈተው በማግስቱ፣ ብንጠራህ ብንጠራህ አልነቃ ስትል ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ማረፍህን ለመንገር ረጅም ጊዜ አልወሰደበትም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አይሱዙህ ተሽጧል። አንዳንዴ ጌዶ መንገድ ላይ አየዋለሁ፤ አዲሱ ባለቤት ከኋላ ያስጻፍከውን ጥቅስ አጥፍቶ የኳስ ቡድን አርማ ቀብቶበታል፣ ቢያዩት ያስቃል። እማዬ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች። ቆንጆ ነጋዴ ወጥቷታል፤ ዱቤ ጠያቂ ሲመጣ በአማርኛ ከሆነ በኦሮምኛ ትመልሳለች፣ በኦሮምኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ሰውየው ሲደናገር ሌላ ደንበኛ ታስተናግዳለች።

እኔ ሕክምና ገብቻለሁ። ገና ሳልገባ ለጫንከው ተሳፋሪ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ናት» ስትል አልነበር? ይኸው። ዘንድሮ የአንጎልና የነርቭ አናቶሚ እየተማርን ነው፤ ናላን የሚያስተምር ትምህርት ናላን ሲያዞር እንዲህ ያለ አላየሁም። ፎርማሊን ውስጥ በኖረ አንድ አንጎል ላይ ብዙ ሆነን እንጎነበሳለን። ዓይናችን ያነባል፣ አፍንጫችን ይቃጠላል። እያንዳንዱ እጥፋት ስም አለው፣ በሁለት እጥፋት መካከል ያለው ስንጥቅም ስም አለው፣ ስሙ ሁሉ የላቲን ነው። አንዱ ነርቭ ከራስ ቅል ወጥቶ ማን እንደላከው ሳይታወቅ ሆድ ድረስ ይወርዳል። እጅና እግርን የሚያዙት ክሮች ደግሞ ከላይ ቀጥ ብለው ወርደው ወርደው አንገት አጠገብ ሲደርሱ ይሻገራሉ፤ የቀኙ አንጎል ግራ እጅን ያዛል፣ የግራው ቀኝን። ለምን ብለህ ብትጠይቅ እንዲሁ ነው ይሉሃል። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ሌሊሴን፣ የጉደር ልጅ ናት፣ አባቴ ይሄን ቢያይ «ጌዶ ለመሄድ በተቃራኒው በእንጭኒ የሚዞር ሾፌር የሠራው መንገድ» ይል ነበር አልኳት። እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ያን መሻገሪያ ስሙን ትተን እንጭኒ ነው የምንለው። አንድ ቀን ፈተና ላይ እንዳልጽፈው እፈራለሁ።

ሳቁ ያለቀው መምህራችን የፊትን ነርቭ ያስተማሩን ቀን ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ፊት ሳሉ። የታችኛው ፊት፣ ጉንጭና አፍ፣ ትእዛዝ የሚመጣለት ከተቃራኒው የአንጎል ወገን ብቻ ነው አሉ። ግንባር ግን ከሁለቱም ወገን ይታዘዛል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለው። ስለዚህ ነርቩ ራሱ ከተጎዳ ግንባርም አፍም አብረው ይሰንፋሉ። አፍ ተጣሞ ግንባር ደህና ከሆነ ግን ጉዳቱ ፊት ላይ አይደለም። ከላይ ነው፣ አንጎል ውስጥ። ከዚያ «እስቲ ሁላችሁም ግንባራችሁን ጨምድዱ» አሉን፤ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እንደ ሽማግሌ ግንባሩን ጨመደደ።

እኔ ያየሁት የአንተን ነው፣ አባዬ። ጋሽ ይርጋ ሁለተኛውን ጋቢ ሲደርቡብህ ቅንድብህን አንስተህ አየኸኝ፣ ትራፊክ ፖሊስ ያለ ጥፋትህ ሲያስቆምህ እንደምታደርገው። ሁለቱም ቅንድብህ እኩል ነበር የተነሣው። ግንባርህ ከዳር እስከ ዳር ተሸበሸበ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ አይቶታል። ምች አለመሆኑ ፊትህ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ያን ዕለት ቤታችን አልነበረም።

ብዕሬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላዬ አንዱ «ይቺን ልጅ ምን ነካት፣ ምች መታት እንዴ» ብሎ አሳቀብኝ። ሌሊሴ ዞራ የመለሰችለትን አልጽፍልህም፤ በኦሮምኛ ነው፣ አንተም ትረዳዋለህ፣ ትቆጣለህ።

ሌላው ያናደደኝ ነገር ምን መሰለህ? ቀኑን ሙሉ ያሹህ ግራ ክንድህን ነው። የተጎዳው ቀኙ አንጎልህ ነበር። ማሸት የሚያድን ቢሆን እንኳ የታሸው የተሳሳተው ወገን ነው። ይህን ሳስብ ለብቻዬ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ፤ መጨረሻው ላይ የቀረው ንዴቱ ብቻ ነው። ቶሎ ብትደርስ ትድን ነበር ብዬ አልምልም። ትምህርቱ እንዲህ ያለ መሐላ አይፈቅድም። ዕድሉ ግን ያንተ ነበር፤ ሳይጠይቁህ ወሰዱብህ።

ዘንድሮ ለፋሲካ የሌሊሴን የደም ግፊት መለኪያ ተውሼ ወደ ቤት ሄድኩ። በበዓሉ ማግስት ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ እማዬ ከጓዳ ወጥ ይዛ ስትወጣ ድንገት ግድግዳውን ተደገፈች። ዞረባት፤ ጆሮዬ ይጮኻል አለች። አስቀምጬ ለካኋት። አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ። ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ብሎ ቆማ ወጥ ስታቀርብ መዋሏ ይገርማል። አፌን ሳልከፍት ጋሽ ይርጋ ከተቀመጡበት ሆነው ምች ነው አሉ። ከጾም በኋላ ቅባት በልታ ፀሐይ ላይ ወጥታ ነው፤ ዳማ ከሴ ይምጣላት፣ ትተኛ፣ በሩም ገርበብ ይበል።

አባዬ፣ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ እዚያው ቤት ውስጥ።

«ጋሼ፣ አባዬን ምች አልገደለውም» አልኳቸው። «የገደለው ይሄ በር ነው። ዛሬ አይዘጋም።»

እጅ ሁሉ ትሪው ላይ ቆመ። ጋሽ ይርጋ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «በዚህ ነው ያሸሁት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእጃቸው። ጋቢያቸውን አንስተው ሳይመርቁ ወጡ። በፋሲካ ሰሞን የወንድማቸውን ቤት ሳይመርቁ ወጡ ማለት ሰፈሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያወራው አንተ ታውቀዋለህ።

ክፉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። መንዳት ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው፤ ያን ሁሉ ሰዓት ከአልጋህ ሥር ንቅንቅ አላሉም፣ እህልም አልቀመሱም። ለዚህ ነው መስማት ያልቻሉት። ይገባኛል። ግን እሳቸው እንዳይከፋቸው እማዬ ትሙት?

የዚያኑ ዕለት እማዬን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መድኃኒት ጀመሩላት፣ በየቀኑ ሳታቋርጥ እንድትውጥ ነገሯት። ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁን። የመጡት እኔን ሊያስታርቁ ነው፤ የእማዬን ውጤት የጠየቀ አንድም ሰው የለም። የሚመሯቸው ጓደኛህ ኦቦ ገመቹ ነበሩ፣ ያው ጢማቸውን እየጎተቱ። «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ እንደሚሉኝ ሁልጊዜ፣ «እውነትም ቢሆን እንደ ጋለ ድስት በጨርቅ ነው የሚያዝ።» የሚቃጠለው የእናቴ አንጎል ከሆነ ጨርቅ ፍለጋ አልሄድም አልኳቸው። ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሌሎቹ ግን ይቺን ልጅ ትምህርት አበላሻት ተባባሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።

ጋሽ ይርጋን አስጠሯቸው። በሰው ፊት ስለ ጮኽኩባቸው ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ይህ ይገባቸዋል፣ አልቆጨኝም። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ቀና ስል «ወንድሜን የገደለው ምች ነው በይ» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ናት፣ በይና ይለቅ አሉ። እማዬም ከደጃፉ ሆና በዓይኗ ለመነችኝ። አላልኩም። ጋሽ ይርጋ ጉልበታቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል፣ ስደውል አያነሡም። ለእነሱ አንድ ቃል ናት። እኔ የማውቀው ያቺ አንድ ቃል አንድ ቀን ሙሉ ጋቢ ውስጥ አስቀምጣህ እንደ ነበር ነው።

ደግሞ የባሰው እማዬ ናት። በየጠዋቱ እደውልላታለሁ፤ ውጫለሁ ትለኛለች። ኪኒኑን ግን ጋሽ ይርጋ እንዳያዩባት ሱቁ ውስጥ ከሳሙናው ካርቶን በስተጀርባ ነው የምታስቀምጠው። እሳቸው ሲመጡ ራሷን ያመማት አትመስልም፣ የዳማ ከሴውንም ጭማቂ አመስግና ትቀበላለች። ይህን መደበቅ ከእሷ በፊት ማን እንደጀመረው አውቃለሁና ወደ አንተ እመጣለሁ።

አይሱዙህ ከመሸጡ በፊት ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ከመቀመጫው ሥር የደም ግፊት ኪኒን አገኘሁ፤ እሽጉ አልተነካም። ኦቦ ገመቹን ስጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ። መንጃ ፈቃድህን ልታሳድስ ስትሄድ ሐኪሙ ለክቶህ ነበር። ዋጠው ብሎህ ነበር። «ራሴን ሳያመኝ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል» ብለሃቸው ጋቢና ውስጥ ወረወርከው፤ ለእማዬ አልነገርክም፣ ለእኔም። ለመንገደኛው ሁሉ ልጄ ዶክተር ናት የምትል ሰው፣ ዶክተር ያዘዘልህን መቀመጫ ሥር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሰው ስለ ሞተ ሰው እውነቱን ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ነው ሌላው የሚከተለው። አሁን ለእማዬ እነግራታለሁ። ለጋሽ ይርጋም፣ ስልኩን ያነሡ ቀን። ምናልባት እጃቸውን ማየት ይተዉ ይሆናል፤ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ እንዳልነበረ ያውቃሉ።

ከእንግዲህ ያላመንኩበትን ቃል ለዕርቅ ብዬ አልናገርም። የእናቴ ሕይወት የማንም ሰው ኩርፊያ መካሻ ሲሆን ቁጭ ብዬ አላይም። የቤታችንን በሽታ ስም የሚያወጣለት በዕድሜ የበለጠው ሰው ነው የሚባለውንም አልቀበልም።

አንተንም ቢሆን ደግ ነበር፣ ቀኑ ደርሶ ሄደ ብለው ጠቅልለው እንዲያስረክቡኝ አልፈቅድም። ደግ ነበርክ። ግትርም ነበርክ፣ ደባቂም ነበርክ፣ ብትውጠው ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን ሁሉ የላቲን ስም እያነበብኩልህ ታላግጥብኝ ነበር። አስታውስሃለሁ፣ አባዬ፣ ሙሉህን። ስናፍቅህም እወቅስሃለሁ፣ ስወቅስህም እናፍቅሃለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ተዪ የሚለኝን ሰው ግን ከእንግዲህ አልሰማም።

ልጅህ፣
ሰናይት